ጀሶ የመሰለው መርዝ፦ የብራድፎርድ የከረሜላ ጉዳይ፣ 1858

በሰሜን እንግሊዝ፣ በዮርክሻየር ግዛት በምትገኘው የብራድፎርድ ከተማ፣ ቅዳሜ ኦክቶበር 30 ቀን 1858 ማታ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀናት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) አንድ ባለ ጉልት 5 ፓውንድ ያህል የፔፐርሚንት ከረሜላ ሸጠ። በኪሎ ቢመዘን ሁለት ኪሎ ተኩል አይሞላም። ከዚያ ከረሜላ ከበሉት መካከል 21 ሰዎች ሞቱ፤ ከ200 በላይ የሚሆኑት ታመሙ። ከሟቾቹ ብዙዎቹ ሕፃናት ነበሩ። የገደላቸው ከስኳሩ ጋር የተቦካው አርሴኒክ ነው።

መርዙ ከየት ተነሥቶ በማን እጅ እንዳለፈ ለማወቅ ፖሊስ ብዙ ጊዜ አልፈጀበትም። የሸጠው፣ የሠራው፣ ያስመጣው፣ የመዘነው ሁሉ ተገኝተው ቃላቸውን ሰጥተዋል። በመጨረሻ ግን ማንም አልተቀጣም። የጉዳዩ እንቆቅልሽ ያለው እዚህ ላይ ነው። መርዙ ከረሜላው ውስጥ የገባው በአንድ ወጣት ስህተት ነው፤ ስህተቱን ከመድኃኒት ቤት እስከ ሕፃን አፍ ያደረሰው ግን ሁሉም የሚያውቀው፣ ማንም እንደ ወንጀል የማይቆጥረው የዕለት ተዕለት ማጭበርበር ነበር። በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን የተራው ሰው ማዕድ እንዴት ያለ እንደነበር ከዚህ ጉዳይ በተሻለ የሚያሳይ አላውቅም።

የቅዳሜ ማታ ገበያ

ብራድፎርድ የሱፍ ከተማ ነበረች። በ1801 ነዋሪዋ 13 ሺህ ገደማ ነበር፤ በ1851 ከ100 ሺህ አልፏል። ፋብሪካዎቹ ሰውን ከገጠር ሲስቡ የሚያድርበት ቤት፣ የሚጠጣው ንጹሕ ውኃ፣ ቆሻሻው የሚወርድበት ቦይ በዚያው ፍጥነት አልተዘጋጀለትም። በ1849 ኮሌራ ገብቶ ብዙ ሰው ፈጅቷል፤ ስለዚህ በከተማዋ ሕፃን አስመልሶትና አስቀምጦት በአንድ ሌሊት ሲሞት ወላጆችም ሐኪሞችም መጀመሪያ የሚያስቡት ኮሌራን ነበር። ይህ ኋላ ላይ ለጉዳዩ ዋጋ አለው።

በ1844 የወጣው የፋብሪካ ሕግ ከ8 እስከ 13 ዓመት ያሉ ልጆች ግማሽ ቀን በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ እንዲሠሩ፣ ግማሹን ቀን ደግሞ እንዲማሩ ይፈቅድ ነበር። ልጁ የተከፈለውን ለእናቱ ያስረክባል፤ እናትም ከዚያው ላይ አንድ ሁለት ሳንቲም ትመልስለታለች። በሱፍ አገር ያለ የ9 ዓመት ልጅ በራሱ ገንዘብ ከረሜላ የሚገዛ ደንበኛ ነበር ማለት ነው። በ1850 የወጣው ሕግ ደግሞ የሴቶችና የወጣቶች የቅዳሜ ሥራ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ እንዲያበቃ አዘዘ። በሳምንት ውስጥ ለሠራተኛው ቤተሰብ የራሱ የሆነ ጊዜ ቢኖር ከዚያ በኋላ ያለው የቅዳሜ ምሽት ነው።

ስለዚህ ገበያው የሚደምቀው ቅዳሜ ማታ ነበር። እሑድ ንግድ የለም፤ ሥጋውና አትክልቱ እስከ ሰኞ ስለማይቆይ ሌሊቱ በገፋ ቁጥር ዋጋው ይወርዳል፤ ድኻዋ እናትም ያንን ሰዓት ጠብቃ ትወጣለች። ልጆች ይከተሏታል። ከረሜላ የሚገዛውም ለልጅ ብቻ አልነበረም። ፔፐርሚንት ሆድ ያረጋጋል ተብሎ ይታመናል፤ በማግስቱም በጸሎት ቤት ረጅሙ ስብከት ሲሰበክ አዋቂውም ልጁም በአፉ ይዞት ይቀመጣል። የቅዳሜው ከረሜላ ለእሑዱ ሥርዓት የሚገዛ ነበር።

በዚያ ገበያ ከረሜላ የሚሸጠው ዊልያም ሃርዳከር ይባላል። ሰው ሁሉ በሚሸጠው የሚንት ከረሜላ ስም ሃምበግ ቢሊ እያለ ይጠራዋል። ሁለት አውንስ፣ ማለትም ከ60 ግራም በጥቂቱ የሚያንስ፣ በአንድ ፔኒ ተኩል ይመዝናል። በዚህ ዋጋ ከተሰላ ያ ማታ የተሸጠው 5 ፓውንድ ያስገባው ገንዘብ 60 ፔኒ ነው። ይህም 5 ሺሊንግ፣ የአንድ ፓውንድ ስተርሊንግ ሩብ መሆኑ ነው። ሃያ አንድ ሰው የሞተበት ንግድ ጠቅላላ ሽያጩ ይህ ነበር።

ስኳርና ጀሶ

በወቅቱ ስኳር ቀረጥ ይከፈልበት ስለነበር ውድ ነበር። ቀረጡ የተነሣው በ1874 ነው። ከረሜላ ሠሪው ለድኻ ገበያ በድኻ ዋጋ ለማቅረብ ሲል የስኳሩን ከፊል በሌላ ነጭ ዱቄት ይተካል። በዮርክሻየር ይህን ዱቄት ነጋዴዎቹ ዳፍት ይሉታል፤ ጀሶ ወይም የተፈጨ የኖራ ድንጋይ ነው። በአዲስ አበባ እንጀራ ውስጥ ጀሶ ቀላቅለው ሲሸጡ ተያዙ የሚለውን ዜና የሰማ አንባቢ ነገሩን ለመረዳት አይቸገርም። ዱቄቱም ያው፣ ምክንያቱም ያው ነው።

ይህ በድብቅ የሚሠራ ሥራ አልነበረም። ከ1851 እስከ 1854 ድረስ ሐኪሙ አርተር ሂል ሃሳል ከለንደን ሱቆች ምግብ እየገዛ በማይክሮስኮፕ ይመረምር ነበር። የላንሴት የሕክምና መጽሔት አዘጋጅ ቶማስ ዋክሊም ውጤቱን ከሻጮቹ ስምና አድራሻ ጋር እያወጣ አሳተመ። ዳቦው እንዲነጣ ሸብ ይጨመርበታል። ቡናው በቺኮሪ ሥር ይበረዛል። ከሁሉ የሚያመው የከረሜላው ውጤት ነው፤ ቢጫው የሚቀባው በእርሳስ ክሮሜት፣ ቀዩ በእርሳስ ኦክሳይድ፣ አረንጓዴው መዳብና አርሴኒክ ባለበት ቀለም ነበር። የልጅ ዓይን የሚስበው ቀለም ራሱ መርዝ ነበር ማለት ነው። የእንግሊዝ ምክር ቤት በ1855 እና በ1856 አጣሪ ኮሚቴ ሰይሞ ምስክር ሰማ። ሁሉም ሰማ፣ ሁሉም አነበበ፤ ሕግ ግን አልወጣም።

ለመዘግየቱ የሚቀርበው መከራከሪያ ድኻው ርካሽ ነገር ይፈልጋል፣ ንጹሑን የመግዛት አቅም የለውም የሚል ነበር። ከብራድፎርድ ብዙም በማትርቀው ሮችዴል የሽመና ሠራተኞችና ሌሎች ባለሙያዎች በ1844 ገንዘብ አዋጥተው የኅብረት ሥራ ሱቅ ሲከፍቱ ከዓላማዎቻቸው አንዱ ያልተበረዘ ዱቄትና ስኳር ለራሳቸው ማቅረብ ነበር። ይህን ያደረጉት ሀብታሞች አይደሉም። ድኻው ጀሶ መብላት እንደማይፈልግ ከዚህ በላይ ማስረጃ አያሻም።

ሁለቱ በርሜሎች

ጆሴፍ ኒል በብራድፎርድ ከረሜላ በጅምላ የሚሠራ ሰው ነው፤ ሃርዳከርም የሚገዛው ከእርሱ ነበር። ዳፍቱን ኒል የሚያስመጣው በጥቂት ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ባለችው በሺፕሊ ከሚገኘው ከቻርልስ ሆጅሰን መድኃኒት ቤት ነው። በሽተኛ መድኃኒት የሚገዛበት ቤት ለከረሜላ የሚሆን ጀሶም ይሸጣል፤ ይህም ለማንም የሚያስገርም አልነበረም።

ኦክቶበር 18 ቀን ኒል በቤቱ ተከራይቶ የሚኖረውን ጄምስ አርቸርን ዳፍት እንዲያመጣ ላከው። ሆጅሰን በዚያ ቀን ታሞ ተኝቷል። ሱቁን የያዘው ረዳቱ ዊልያም ጎዳርድ ዳፍቱ የት እንዳለ ስለማያውቅ ወደ ጌታው ገብቶ ጠየቀ። ከጣሪያው ሥር ባለው ቆጥ ላይ፣ ጥግ ላይ ባለው በርሜል ውስጥ ነው ተባለ። በዚያ ቆጥ የአርሴኒክ በርሜልም ነበር። ሁለቱም ነጭ ዱቄት ናቸው፤ በበርሜሎቹ ላይ በቀላሉ የሚታይና የሚለያቸው ጽሑፍ አልነበረም። ጎዳርድ ወጥቶ 12 ፓውንድ፣ ወደ አምስት ኪሎ ተኩል የሚጠጋ፣ አርሴኒክ ትራይኦክሳይድ መዝኖ ለአርቸር ሰጠው።

አርሴኒክ በዚያ ዘመን ብርቅ ነገር አልነበረም። ለአይጥ፣ ለዝንብ፣ በበግ ጠጉር ውስጥ ለሚገኝ ተባይ፣ ለግድግዳ ወረቀት ቀለም ይውላል። ሽታ የለውም፤ ጣዕሙም ለምላስ አይታወቅም። ስለዚህ በርሜሉ በመድኃኒት ቤት መገኘቱ ተራ ነገር ነው። ተራ ያልሆነው የሚበላና የሚገድል ዱቄት ያለ ምልክት በአንድ ጣሪያ ሥር መቀመጡ ነው። እዚህ ላይ ግን ልብ እንበል፤ የሚበላ የተባለውም ጀሶ ነበር። ሆጅሰን ሁለቱን በርሜሎች አጥብቆ የሚለይበት ምክንያት ያልታየው፣ በእኔ እምነት፣ ከሁለቱ አንዱም በእውነት ምግብ ስላልነበረ ነው። ስኳርን ማንም ሰው በቆጥ ላይ ከአይጥ መርዝ አጠገብ አያስቀምጥም። ጀሶ ግን እዚያ ቢቀመጥ አያስገርምም፤ ቦታውም እዚያው ነው።

ምልክቱን ያዩት ሰዎች

ብዙ ጽሑፎች ሁሉንም ነገር በጎዳርድ ላይ ጥለው ያልፋሉ። እኔ ግን ከጎዳርድ በኋላ ያሉት ቀናት ይበልጥ ያስጨንቁኛል፤ ምክንያቱም ከዚያ በኋላ ነገሩን ማስቆም የሚችሉ ሦስት ሰዎች ነበሩ፤ ሦስቱም የሆነ ነገር አይተዋል።

የመጀመሪያው ጄምስ አፕልተን ነው። የረጅም ጊዜ ልምድ ያለው ከረሜላ ሠሪ ነው። ለኒል ተቀጥሮ 40 ፓውንድ ስኳር፣ 12 ፓውንድ ዳፍት የተባለውን ዱቄት፣ ሙጫና የፔፐርሚንት ዘይት አዋህዶ ከረሜላውን ሠራ። በሥራው ላይ እያለ ታመመ፤ አስመለሰው፣ እጆቹንም አመመው፤ ሕመሙ ለቀናት ቆየበት። ዱቄቱን በእጁ ያሸው፣ ብናኙን የተነፈሰው እርሱ ነው። ሕመሙን ከዱቄቱ ጋር አላያያዘውም። የፋብሪካ ከተማ ሠራተኛ በሥራ ላይ መታመሙ ማንንም አያስደነግጥም፤ ክፉ አየር፣ ክፉ ውኃ፣ ረጅም ሰዓት ሁልጊዜ አሉ። አፕልተን ከረሜላው እንደ ወትሮው ያለ መልክ እንዳልያዘም አስተውሏል።

ሁለተኛው ኒል ነው። ከረሜላው መልኩ ተለውጦ ሲወጣ ባለቤቱ እርሱ ነበር። የሚያደርገው ነገር ሞልቶ ነበር፤ ሠራተኛውን ምን ሆነህ ታመምክ ብሎ መጠየቅ፣ ዱቄቱን መመርመር፣ ወደ ሺፕሊ መልሶ መላክ። ግን በከረሜላ ውስጥ ስኳር ያልሆነ ነገር መኖሩ የተለመደ ስለሆነ የመልክ ልዩነት ትርጉም የለውም። ዳፍት ሁልጊዜ አንድ ዓይነት አይደለም፤ አንዱ ጊዜ ጀሶ፣ ሌላ ጊዜ የኖራ ድንጋይ ነው። ሰው ምን እንደሚቀላቅል በትክክል ሳያውቅ መቀላቀልን ከለመደ፣ አንድ ቀን የተለየ ነገር ሲገባ የሚያውቅበት መንገድ የለውም።

ሦስተኛው ሃርዳከር ነው። ለጉልቱ 40 ፓውንድ ሊገዛ ሲመጣ ከረሜላው እንደ ወትሮው እንዳልሆነ አየ። ተናገረም። የተናገረው ግን ዋጋ ለማስቀነስ ነበር፤ ኒልም ቀነሰለት። እኔን ከዚህ ጉዳይ ሁሉ ይበልጥ የሚያሳዝነኝ ይህች ቅጽበት ናት። ከበርሜሉ እስከ ልጁ አፍ ባለው መንገድ ላይ፣ ከረሜላው ልክ አይደለም ተብሎ በግልጽ የተነገረባት ቅጽበት እርሷ ናት፤ የማስጠንቀቂያው ዋጋም ቅናሽ ሆኖ ተከፈለ። ሁለቱም ሰዎች ጨካኞች አልነበሩም። ሃርዳከር ራሱ ከከረሜላው ቀምሶ ታሟል፤ መርዝ መሆኑን ቢጠረጥር በአፉ ባላስገባው ነበር። ነገር ግን የሸቀጥ ጉድለት የሚጠቁመው የዋጋ መውረድን እንጂ የሰው አደጋን አይደለም ተብሎ በሚታሰብበት ገበያ ኖረዋል።

ሁለት ሌሊት

ቅዳሜ ማታ ከረሜላው በየቤቱ ገባ። እሑድ ጠዋት የመጀመሪያዎቹ ልጆች ሞቱ። ድንገተኛ ትውከትና ተቅማጥ ስለነበረባቸው መጀመሪያ ኮሌራ ነው ተባለ። ኮሌራን ያየ ከተማ ይህን ማሰቡ አይፈረድበትም፤ አርሴኒክና ኮሌራ በሕመምተኛው ላይ የሚያሳዩት ምልክት በጣም ይመሳሰላል። የሕፃናት ሞትም በድኻ ሰፈር የተለመደ ስለነበር አንድ ሞት ብቻውን ጥያቄ አያስነሣም። ጥያቄ ያስነሣው ብዛቱ ነው። በተለያየ መንገድ፣ በተለያየ ቤት የሚኖሩ ልጆችም አዋቂዎችም በተመሳሳይ ሰዓት ወደቁ፤ ሁሉም ከገበያው ከረሜላ በልተው ነበር።

የሕመምተኞቹን ሁኔታ የተመለከተው ዶክተር ጆን ቤል አርሴኒክ መሆኑን ለየ፤ የኬሚስትሪ ባለሙያው ፌሊክስ ሪሚንግተን ከረሜላውን መርምሮ አረጋገጠ። በአንዱ ከረሜላ ውስጥ 9 ግሬን ያህል፣ ማለትም ከግማሽ ግራም በጥቂቱ የሚበልጥ፣ አርሴኒክ እንዳለ ተገመተ። ለአንድ ሰው ሞት የዚያ ግማሽ ይበቃል ተብሎ ይታሰብ ስለነበር፣ አንዲት ከረሜላ ለሁለት ሰው የምትበቃ ነበረች። ፖሊስ ሃርዳከርን ታሞ አገኘው፤ ከእርሱ ወደ ኒል፣ ከኒል ወደ ሆጅሰን ሄደ። በከተማዋ ደወል እየተመታ ታወጀ፤ ማስጠንቀቂያ ታትሞ ተለጠፈ፤ ያልተበላው ከረሜላም ተሰበሰበ። የፖሊሱ ፍጥነት ምስጋና ይገባዋል። ከ40 ፓውንዱ 5ቱ ብቻ ተሸጦ ይህ ሁሉ ሰው ካለቀ፣ የቀረው እስከሚቀጥለው ቅዳሜ በገበያ ቢቆይ ምን ይሆን እንደነበር ማሰብ ይከብዳል።

ፍርድ ቤት

ጎዳርድ፣ ሆጅሰንና ኒል በቸልተኝነት ሰው በመግደል ተከሰሱ። በጎዳርድና በኒል ላይ የቀረበው ክስ ተነሣ። ሆጅሰን ዮርክ ላይ ችሎት ቀርቦ ዲሴምበር 21 ቀን 1858 በነፃ ተለቀቀ።

ይህን ያነበበ ሰው መቆጣቱ ተገቢ ነው፤ ቁጣው ግን ዳኞቹ ላይ ብቻ ሊያርፍ አይገባም። በጊዜው ስለ አርሴኒክ የነበረው ሕግ የ1851ዱ ነው። ያ ሕግ ገዢው የሚታወቅ ሰው እንዲሆን፣ ሽያጩ በመዝገብ እንዲሰፍር፣ ዱቄቱም እንዲለይ ከጥቀርሻ ወይም ከኢንዲጎ ቀለም ጋር እንዲቀላቀል ያዛል። በአንድ ጊዜ 10 ፓውንድና ከዚያ በላይ ለሚገዛና ቀለሙ ሥራውን ለሚያበላሽበት ግን ነጩን መሸጥ ይፈቀዳል። ሕጉ የተጻፈው በተንኮል የሚመርዝን ሰው በማሰብ ነው። ረቂቁ በምክር ቤት ሲያልፍ አርሴኒክ ለአዋቂ ወንድ ብቻ ይሸጥ የሚል ቃል ገብቶበት ነበር፤ ፈላስፋው ጆን ስቱዋርት ሚል ሴቶችን ሁሉ ወንጀለኛ አድርጎ የሚጠረጥር ነው ብሎ በጽሑፍ ተቃወመ፤ ቃሉም ቀረ። የሕግ አውጪዎቹ ፍርሃት ባሏን የምትመርዝ ሚስት ነበረች። መርዙ በሱቁ ውስጥ እንዴት ይቀመጥ፣ በርሜሉ ላይ ምን ይጻፍ፣ ማንስ ይመዝነው የሚለውን አላሰቡበትም። መድኃኒት ሻጭ ነኝ ብሎ ሱቅ ለመክፈትም ፈተና ማለፍ ግዴታ አልነበረም።

ኒልን በተመለከተ ደግሞ ነገሩ ከዚህም የባሰ ነው። ጀሶ ቀላቅሎ ከረሜላ ነው ብሎ መሸጡን ሊያስጠይቀው የሚችል፣ በተግባር የሚሠራ ሕግ አልነበረም። ጀሶ ነው ብሎ መርዝ መቀላቀሉ ደግሞ ባለማወቅ ነው። ስለዚህ ያወቀው ነገር ወንጀል አልሆነም፤ ወንጀል የሆነውን ነገር አላወቀም። በዚህ ክፍተት መካከል 21 ሰዎች ወደቁ። በዚያው ዓመት ኖቬምበር ላይ ፓንች የተሰኘው ሳምንታዊ መጽሔት አፅም ከረሜላ ሲያቦካ የሚያሳይ ሥዕል አወጣ፤ የአገሩ ቁጣ ከብራድፎርድ አልፎ ለንደን ደርሶ ነበር።

ከዚያ በኋላ

በ1860 የምግብና የመጠጥ ብረዛን የሚከለክል የመጀመሪያው ጠቅላላ ሕግ ወጣ። ደካማ ሕግ ነበር፤ ከተሞች መርማሪ ባለሙያ እንዲቀጥሩ ፈቀደ እንጂ አላስገደደም፤ የቀጠሩትም ጥቂቶች ናቸው። በ1868 የወጣው የመድኃኒት ቤቶች ሕግ ጠንከር ያለ ነው። በዝርዝሩ የተጠቀሱትን መርዞች ተፈትኖ ከተመዘገበ ባለሙያ በቀር ማንም እንዳይሸጥ፣ ዕቃውም የመርዙን ስም፣ መርዝ የሚል ቃልና የሻጩን ማንነት እንዲይዝ አዘዘ። ጎዳርድ ከቆጡ ላይ ሲወጣ ያጣው ነገር አሥር ዓመት ዘግይቶ በሕግ ተጻፈ።

የብረዛው ጉዳይ በእውነት የተያዘው በ1875 ነው። በዚያ ዓመት የወጣው የምግብና የመድኃኒት ሽያጭ ሕግ 6ኛ አንቀጽ ገዢው ከጠየቀው ዓይነት፣ ምንነትና ጥራት ውጭ የሆነ ምግብ ገዢውን በሚጎዳ መንገድ መሸጥን ከለከለ፤ ቅጣቱም እስከ 20 ፓውንድ ነው። ሰው እስኪሞት አይጠብቅም። ኋላ ላይ ፍርድ ቤቶች ሻጩ ጉድለቱን አላወቀም ማለቱ ከዚህ አንቀጽ እንደማያድነው ወሰኑ። ይህ አንቀጽ በ1858 ቢኖር ኖሮ፣ ኒል ለአርሴኒኩ ብቻ ሳይሆን ከኦክቶበር 30 በፊት በነበሩት ቅዳሜዎች ሁሉ ለሸጠው ጀሶ ሊጠየቅ ይችል ነበር፤ ለሚቀላቅለው ዱቄት ወደ ሺፕሊ የሚልክበት ምክንያትም ባልኖረው።